የጋሽ አዴሎ ሳጥንና አንድ የግራ ጫማ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ባለቤቴ ወርቅነሽ አንድ ጥቅል ቀይ ክር ይዛ የመሣሪያ ሳጥኔ ፊት ቁጭ አለች። ወርቅነሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር አያልቅባትም። አንዱን መሣሪያ ታነሣለች፣ አንገቱ ላይ ክር ታስርበታለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ዝናብ የማይ መስዬ በጎን አያታለሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት ሲብስብኝ።

«እያሰርኩ ነዋ። የሠራህበትን መሣሪያ ክሩን ራሴ እበጥስልሃለሁ። እስከ መስቀል ክር አንገቱ ላይ የቀረ ግን ለቆራሌው ይሰጣል።»

ክፋት ይዟት አይደለም። የተማሪዎች ዩኒፎርም የመስፋት ሥራ አግኝታ ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዝታለች፤ መኪናው የሚቆምበት ቦታ የፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። የፊተኛውን ክፍል ደግሞ ሳጥኔ ይዞታል። ከወፍራም እንጨት ተሠርቶ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ አረንጓዴ የተቀባ፣ ባዶውን እንኳ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ሳጥን ነው። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ሲጎድል የምናስቀምጠው እሱ ላይ ነው።

«በዓመት ከዚህ ውስጥ የምትነካው ምን ያህሉን ነው?» አለችኝ።

«ሁሉንም እነካለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«ዘይት መቀባት መሥራት አይደለም፣ በቀለ።»

የዘይት ጨርቄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

መካኒክ ላልሆነ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። የመካኒክ ሳጥን ላይና ታች አለው። ከላይ ቁልፎቹ፣ ፒንሳው፣ መዶሻውና ካቻቢቴው ናቸው። እነዚህ ሲሠሩ ውለው ሲሠሩ ስለሚያመሹ እጀታቸው በእጅ አልቋል። ከታች ያሉት ግን መካኒክ ሁሉ የሚገዛቸው፣ ገዝቶም የሚረሳቸው ናቸው። ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ቶርክ ቁልፍ አለ፤ እኛ ግን የምናጠብቀው በክንዳችን ነው። ክፍተት የሚለካ፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ስስ ብረት አለ፣ ፊለር ጌጅ ይባላል፤ እኛ ግን የምንለካው በዓይናችን ነው። እንደ ሐኪም ጆሮ ላይ ሰክተው የሞተር ድምፅ የሚያዳምጡበት አለ። ረጅም እጀታ ያለው መስታወት፣ እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበ የሚረዝም ባለማግኔት ዘንግ፣ ኋላውን በመዶሻ ሲመቱት የሚዞር ካቻቢቴም አለ።

ከዚያ ደግሞ ፑለር አለ። ስለ እሱ ብዙ ስለማወራ እዚሁ ላስተዋውቀው። ሦስት ጫፋቸው የተቆለመመ እግሮችና መሐል ለመሐል አንድ ረጅም ብሎን ያለው መሣሪያ ነው። ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው የሚሾርበት ባለኳስ ቀለበት፣ ዘንጉ ላይ ነክሶ እምቢ ሲል ሦስቱ እግሮች ከኋላው ቆንጥጠው ይይዙታል። ብሎኑን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ኩሽኔታው ዘንጉን ሳይጎዳ ይወጣል። ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መዶሻና የብረት መሮ ደግሞ ትዕግሥት አይፈልጉም። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ፑለሩን ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ ኩሽኔታውን በመዶሻ ይቀጠቅጣል።

የእኔ ሳጥን ውስጥ ፑለር የለም። በፑለሩ ቦታ የተቀመጠው አንድ ጫማ ነው። ወርቅነሽ ታች ድረስ ቆፍራ ስታወጣው ክሩን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ቡናማ ቆዳ፣ ባለማሰሪያ፣ የግራ እግር።

«ይሄስ?»

«እሱም መሣሪያ ነው» አልኳት።

አልተከራከረችኝም፤ ማሰሪያው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት።

ሥራ የጀመርኩት ጅማ ውስጥ ጎማ በመፍታት ነው። ከዚያ ቦንጋ መጥቼ አንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠርኩ። መሐል ላይ ጥቂት ዓመት ቴፒ ተዛውሬ፣ ሙቀቱ አስመርሮኝ፣ አመልክቼ ተመለስኩ። ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም፤ ይመጣ ነበር፣ ሳይቀመጥ ይሄድ ነበር። ስለ ጋሽ አዴሎ ግን የምለው ብዙ ነው።

ጋሽ አዴሎ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበሩ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ የካፋ ሰው። አማርኛን የተማሩት አድገው ስለነበር ሲናደዱ ወደ አፍ መፍቻቸው፣ ወደ ካፊኖኖ ይሻገራሉ። የተናደዱበት ሰው ካፊኖኖ የማይሰማ ከሆነ ለሁለቱም ይሻላቸው ነበር።

መኪና ሲመጣላቸው ኮፈን አይከፍቱም። ሹፌሩን «አስነሣት» ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ከዚያ ጋራዡ ጓሮ ካለው እንሰት አንድ ሰፊ ቅጠል ቆርጠው መሬት ላይ ያነጥፋሉ፤ የፈቱትን ብሎንና ዳዶ በተፈታበት ተራ ቅጠሉ ላይ ይደረድራሉ። ሲገጥሙ ከኋላ ወደ ፊት ይመለሳሉ። ሥራው አለቀ የሚሉት ቅጠሉ ባዶ ሲሆን ነው። አንዲት ቀለበት እንኳ ከቀረች ሁሉም እንደገና ይፈታል፤ የቸኮለ ሹፌር ቢለምን፣ ኃላፊ ቢቆጣ አይሰሙም።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የሰላምታ ሰዓት ነበር። ሰላምታ የሚሉት፣ ሥራ ያልነካቸውን መሣሪያዎች ከሳጥኑ ግርጌ አውጥተው እያንዳንዱን በዘይት ጨርቅ አሽተው፣ የሚዞረውን አዙረው፣ የሚከፈተውን ከፍተው መመለስን ነው። የቦንጋን ዝናብ የሚያውቅ ሰው አይስቅባቸውም። እዚህ ሰኞ ያስቀመጡት ብረት ለአርብ ዝጎ ይጠብቃል። እኛ ግን እንስቅ ነበር።

«እንደምን አደርክ ፑለር?» እንላለን እርስ በርሳችን።

«ሳቅ! አንድ ቀን ስትፈልገው እሱም ይስቅብሃል» ይላሉ ጋሽ አዴሎ ቀና ሳይሉ።

ከሁሉ የከበደን ግን የውሰት ሕጋቸው ነው። ከሳጥናቸው መሣሪያ የሚዋስ ማንም ሰው የግራ ጫማውን አውልቆ ሳጥኑ ላይ ያስቀምጣል። ፊርማ የለም፣ ምስክር የለም። የጋራዣችን ግቢ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማ የያዘ ሰው የተዋሰውን ይዞ ሩቅ አይሄድም፣ መመለሱንም አይረሳም። አንድ ቀን ኃላፊያችን የቦርሳቸውን ማንጠልጠያ ለማጥበቅ ፒንሳ ተዋሱ። ሕጉ ለእሳቸውም ሕግ ነበርና ጫማቸውን አወለቁ። ልክ በዚያች ሰዓት ከክልል እንግዶች መጡ። ኃላፊያችን አንድ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደብቀው ስብሰባውን ሙሉ ተቀምጠው መሩ፤ እንግዶቹ ሲሸኙ እንኳ አልተነሡም። ኩራተኛ ናቸው ተብሎ ተወራባቸው።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ።

አንድ የክረምት ቀን አንድ ወጣት ሹፌር እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ግቢያችን ገባ። ቡና ጭኖ ከዋጫ በኩል ሲመጣ ከከተማው ወጣ ብሎ የኋላ ጎማው ኩሽኔታ ነክሶበት መንገድ ላይ ቆሟል። ጋሽ አዴሎ ፑለሩን አውጥተው ሰጡት። ልጁ ጭቃውን ጠራርጎ የግራ ጫማውን ሲያወልቅ ሁላችንም አየነው፤ አዲስ ነበር፤ ምናልባት ለሰርግ የተገዛ።

«ቅዳሜ ካለፈብህ ዘይት ቀባልኝ» አሉት። «ብረት ሰላምታ ይወዳል።»

«እሺ ጋሼ» ብሎ በአንድ ካልሲ እየዘለለ ወጣ። እንዲህ ያለ ጫማ ትቶ የሚቀር ሰው የለም ብለን አንድም ቀን አልተጨነቅንም።

በዚያው ሳምንት ክትባት የምታደርስ ፒካፕ መጣች። የፊት ጎማዋ ኩሽኔታ ይጮሃል። በማግሥቱ ከዋጫ ወዲያ ያለ ቀበሌ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ ተብሏል። ጋሽ አዴሎ እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ግርጌ ሰደዱ፤ የያዙት ጫማውን ነው። ከተማውን ዞርን። ፑለር ያለው መካኒክ አላጣንም፤ ያጣነው የሚዞር ፑለር ነው። አንዱም ሰላምታ አግኝቶ አያውቅም፤ ብሎኑ ዝጎ ከእግሮቹ ጋር አንድ ብረት ሆኗል። ቀኑ ሊመሽ ሆነ። ኃላፊው ደጋግመው መጡ። ጋሽ አዴሎ ሰማዩን አዩና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰደቡትን መዶሻና የብረት መሮ አነሡ። ያን ቀን የእንሰት ቅጠል አላነጠፉም።

መኪናዋ በጠዋት ወጣች። ከሺሺንዳ ወዲያ ዳገቱ ላይ ጎማዋ ቆልፎ ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር ተላተመች። ሹፌሩና ነርሷ ደኅና ነበሩ። ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ግን ቀለጠ፣ ክትባቱም ተበላሸ፤ እናቶቹ ዝናብ ላይ ሲጠብቁ ውለው ልጆቻቸውን አዝለው ተመለሱ። ኩሽኔታው ሲፈታ ዘንጉ ላይ የመሮው ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጋሽ አዴሎ ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ።

ኃላፊው ከዛሬ ጀምሮ መሣሪያ ማዋስ ክልክል ነው አሉ። ጋሽ አዴሎ «ያዋስኩት መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ነው። የተበላሸው በማዋሴ አይደለም፤ በመዶሻዬ ነው» ብለው ወጡ። ክትባቱ እንደገና ሲላክ ማንም ሳያዛቸው መኪናዋ ላይ ወጡ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ቀበሌው ደርሰን እናቶቹ ፊት ቆሙና በካፊኖኖ «ባለፈው መኪናዋን ያስቀረው ይሄ እጅ ነው» ብለው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ከፊት የቆመች አንዲት እናት አየት አደረገቻቸውና «እጁ ሥራ ከፈታ ይሄን ይያዝልኝ፤ ነጠላዬን ላስተካክል» ብላ ሕፃኗን አሸከመቻቸው። ሕፃኑ ጮኸ፣ ሰው ሳቀ። ጋሽ አዴሎ ያን ቀን ክትባቱ እስኪያልቅ ልጅ ሲቀበሉና ሲያቀብሉ ዋሉ።

የቡናው መኪና ሹፌር አልመጣም። ጋራዡ ሌላ ፑለር ገዛ፤ ጫማው ግን ከሳጥኑ አልወጣም። ሳጥኑ የግላቸው ቢሆንም የንብረት ቆጠራ በመጣ ቁጥር ቆጣሪው ጫማውን አንጠልጥሎ «ይሄ በየትኛው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ ሆነ?» ይላል፤ ጋሽ አዴሎም «ገቢ አልሆነም፤ ወጪ የሆነ ሰው ነው» ይሉታል። ጡረታ ወጥተው ሺሺንዳ ወዳለው መሬታቸው ሲሄዱ ሳጥኑን ለእኔ ሰጡኝ።

«ሳጥኑ ያንተ ነው። ጫማው ግን የሰው ነው» አሉኝ። «ሰውየው ከመጣ ጫማውን ስጠው። አንድ ቃል እንዳትወቅሰው።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ብዙ ነገር ተቀያየረ፤ መኪናው ሕመሙን ራሱ በኮምፒውተር የሚናገርበት፣ ብሎን በባትሪ የሚፈታበት ዘመን መጣ። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰላምታዬን አላቋረጥኩም። በፑለሩ ቦታም ሌላ ፑለር አላስገባሁም። አሁን ሳጥኑ ለቆራሌው ከሄደ ጫማው የት ይቀመጣል? ሰውየው ቢመጣ ምን ልለው ነው? ቃሌን ለብረት ሰብሳቢ ልሸጠው ነው? ይሄን ለወርቅነሽ ብነግራት «ለጫማው ካርቶን እሰጥሃለሁ» ትለኛለች ብዬ ዝም አልኩ።

ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ሥራ ስል መሣሪያዎቼ የሚሠሩት ሥራ። የጎረቤታችን የቁም ሣጥን ቁልፍ ከኋላ ወድቆ ነበርና በመስታወቱ አይቼ አወጣሁላት፤ አንድ ክር ተበጠሰ። በፊለር ጌጁ የአንድ ባጃጅ ቫልቭ ለካሁ፤ ባለባጃጁ ከዚያ በፊት እንዲህ ሲደረግ አይቶ ስለማያውቅ ያስከፍለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። የሞተር ማዳመጫውን ይዤ ደግሞ አንድ ንብ አናቢ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። ቀፎው ውስጥ ንብ ይኑር አይኑር ሳይከፍት ማወቅ ፈልጎ ነበር። ዘንጉን ቀፎው ላይ ደግፌ ጆሮዬ ላይ ሰካሁና ዓይኔን እንደ ጋሽ አዴሎ ጨፈንኩ። በደንብ የተስተካከለ ሞተር ነበር። ወርቅነሽ ግን ስነግራት መቀሱን አላነሣችም።

«የመኪና መሣሪያ ነው የንብ?»

«የሚዳመጥ ነገር መሣሪያ ነው።»

ትንሽ አሰበችና በጠሰችው። ማር ይዤ ስለመጣሁ የፈረደችልኝ ይመስለኛል።

ባለማግኔቱን ዘንግ ለራሷ አቀረብኩላት። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እያለች ከወለሉ መርፌ ትለቅማለችና፣ በዚህ ቆመሽ ትለቅሚያለሽ አልኳት።

«መርፌዬን በእጄ ነው የማነሣው፤ ተንኮልህ ገብቶኛል» ብላ አባረረችኝ። ማግኔቱ ከነክሩ ተመለሰ።

ወሬው በከተማው ተዛመተ። ጋሽ በቀለ መሣሪያው እንዳይሸጥበት በነፃ ይሠራል፤ ግን መሣሪያው ማንም የማይጠቀምበት መሆን አለበት ተባለ። ሚኒባስ ሹፌሮች ወሬውን ይዘውት እስከ ዋጫ ወረዱ። መስቀል ሲቃረብ ከዋጫ አንድ መልእክት መጣልኝ። አቶ ወልዴ የሚባሉ ቡና አምራች ለመጪው ለቀማ የቡና መፈልፈያቸውን ሊያዘጋጁ ቢሉ ብሎኖቹ ዝገው እምቢ ብለዋቸዋል። ክር ያለበትን ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመርኩ፤ ጫማው ክር ነበረበትና እሱም ገባ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ማዳበሪያውን ሊያነሣ ሲል «አባባ፣ ድንጋይ ነው የሚነግዱት?» አለኝ።

አቶ ወልዴ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የእኔ እኩያ የሚሆኑ ሰው ናቸው። መፈልፈያቸው ጓሮ ዳስ ሥር ቆሟል። በመዶሻ የሚመታውን ካቻቢቴ አውጥቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ስመታቸው ክርር እያሉ ተፈቱ። ሰውየው ካቻቢቴውን በአድናቆት ተቀብለው አገላበጡት። አገላብጠውም እጀታው ላይ ያለውን ምልክት አዩ፤ ሦስት የሞረድ ጭረት። ጋሽ አዴሎ የሳጥናቸውን መሣሪያ ሁሉ የሚለዩበት ምልክት ነው። ፊታቸው ሲለዋወጥ ታየኝ፤ ምክንያቱን ግን አላወቅኩም።

ወደ ዘንጉ ስደርስ ኩሽኔታው ነክሷል።

«አቶ ወልዴ፣ ለዚህ የሚሆነው ፑለር ነው» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ የለኝም።»

ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ጨርቁን ፈትቼ አየሁት። ሦስት እግር፣ አንድ ረጅም ብሎን፣ አንዱ እግር ላይ ሦስት የሞረድ ጭረት።

ደሜ ፈላ። ያ ዳገት፣ ያ የቀለጠ በረዶ፣ ጠባሳውን ሲዳስስ የቆየ አውራ ጣት ታወሰኝ። አፌ ላይ የመጣውን ብናገረው ዛሬ ይቆጨኝ ነበር። ግን እሺ ብያለሁ። እጄን ማዳበሪያው ውስጥ ከትቼ ጫማውን አወጣሁና መፈልፈያው ላይ አስቀመጥኩት። ቀዩ ክር ማሰሪያው ላይ ተንጠልጥሏል።

ሰውየው ጫማውን ሲያዩ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ተመልሼ መጥቼ ነበር» አሉ። «ትንሽ ዘግይቼ። በሩ ላይ ዘበኛው የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። መኪናዋን፣ እናቶቹን። እግሬ አልገባ አለኝ። ሌላ ቀን እመጣለሁ አልኩ። በቆየ ቁጥር ደግሞ ባሰብኝ፤ በኋላ ያን መንገድ ጠልቼ ሹፌርነቱንም ተውኩ።»

የፑለሩን ብሎን በሁለት ጣቴ ነካሁት። እንደ አዲስ ዞረ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እቀባዋለሁ» አሉ። «ሰላምታ ይወዳል ብለውኛል።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሳቅ መጣብኝ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚህ በኋላ አንተ ተባባልን። ቀኙ ጫማ የት አለ ብዬ ጠየቅኩት።

«ባለቤቴ አንድ ጫማ ምን ያደርጋል ብላ ትነዘንዘኝ ነበር። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የግራ እግር የሌለው ሰው አገኘችና ሰጠችው። ልኩ ነበር አሉ።»

ግራውን ሞከረው፤ እግሩ በዕድሜ ሰፍቶ አልገባለት አለ። ቢሆንም ከእጁ አላወጣውም። ኩሽኔታውን በፑለሩ ቀስ አድርገን አወጣነው፤ ዘንጉ ላይ አንድ ጭረት አልታየም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለታችን ሺሺንዳ ወረድን። ጋሽ አዴሎ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ቤታቸው በር ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ተቀምጠው ነበር። ፑለሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጣታቸው እግሮቹን እየተከተለ ሄዶ ጭረቶቹ ላይ ቆመ። ብሎኑን አዞሩት። አሸተቱት።

«ዘይት ቀምሷል» አሉ። «የማን እጅ ነው?»

ወልዴ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «የእኔ ነው ጋሼ። የቡናው መኪና ሹፌር ነኝ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«መኪናህ ተነሣች?» አሉት።

«ተነሣች ጋሼ። ያኔውኑ ተነሣች።»

«በቃ። ያዋስኩህ እሷ እንድትነሣ ነበር።» ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። ወልዴ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እኔም ደኅና አልነበርኩም።

ስንወያይ ውለን ልነሣ ስል ፑለሩን ወደ ማዳበሪያው ልከት እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ አዴሎ ያዝ አደረጉት።

«ወዴት ወዴት?»

«ወደ ሳጥኑ ነዋ ጋሼ። ሳጥኑን ሰጥተውኝ የለ?»

«የሰጠሁህ ሳጥኑንና ውስጡ ያለውን ነው። ያን ጊዜ ይሄ ውስጡ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ የእኔ ነው። ከፈለግህ አዋስሃለሁ።» እጃቸውን ወደ እግሬ ጠቆሙ። «የግራውን።»

ወልዴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ጫማዬን አወለቅኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እግሬን ያያል፤ ረዳቱ «ሌላኛውን ዋጫ ሸጡት?» አለኝ። ቦንጋ ስደርስ ዝናብ ነበር። በአንድ ጫማና ጭቃ በጠጣ ካልሲ፣ ማዳበሪያዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ደጄ ደረስኩ። ወርቅነሽ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ እግሬን አየች። ከዚያ በሩን ተደግፋ ሳቀች፤ መቆም አቅቷት ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። እግሬን እያጠብኩ ሁሉንም ነገርኳት። ጋሽ አዴሎ «መኪናህ ተነሣች?» ያሉበት ላይ ስደርስ ሳቋ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ የነጠላዋን ጫፍ ስታጣጥፍ ቆየች። ስለ ክሩም፣ ስለ ቆራሌውም ሳናነሣ ተኛን።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ስነሣ የስፌት መኪናው ድምፅ ከፊተኛው ክፍል ይሰማል። ገባሁ። ሳጥኑ ከመሐል ተነሥቶ ግድግዳው ጥግ ተጠግቷል፤ ጎረቤት ጠርታ ያስገፋችው መሰለኝ። ግማሹ ላይ የመቁረጫ ሰሌዳዋን ዘርግታበታለች፣ ዩኒፎርሙ ተከምሮበታል። ክር ያለባቸው መሣሪያዎች ከነክራቸው ውስጡ ናቸው። ወርቅነሽ ቆማ፣ እንደ አንቴና በተሳበው ማግኔት ከወለሉ መርፌ ትለቅማለች፤ ዞር ብላ አላየችኝም። ሳጥኑ ላይ፣ ከሰሌዳዋ ጎን፣ የግራ እግሯ ጫማ ተቀምጧል።